ቤቱ ፈርሷል፤ ሐራራው ግን አድራሻውን ያውቃል

ጥያቄው ከአንዲት እህት የመጣ ነው፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ዶክተር፣ ታናሽ ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ጫት ጀመረ፤ ከዚያ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ጨመረበት። በእናታችን ፊት ምሎ ካቆመ ስምንት ወር ሞልቶት ነበር። ሰውነቱ ተመለሰ፣ ሥራ ያዘ፣ መሳቅ ጀመረ። ባለፈው ወር ለአንድ ማስረጃ ጉዳይ ብቻውን ወደ ፒያሳ ሄደና ማታ ሲመለስ ፊቱን አይቼ ገባኝ። ምን ነካህ ስለው ‹አላውቅም› ከማለት በቀር መልስ የለውም። አባታችን ‹መጀመሪያውኑም አላቆመም፤ ሲምል እየዋሸን ነው› ይላል። እኔ ደግሞ አንጎሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። የትኛው ነው? ይድናል ወይ?»

ወንድምሽ ሲምል አልዋሸም። አንጎሉም አልተበላሸም። አባትሽም አንቺም ተሳስታችኋል ማለቴ ነውና ይቅር በይኝ። (አንቺ እያልኩ የምጽፍልሽ በዕድሜ እንደምበልጥሽ ስለገመትኩ ነው፤ ጢሜ ከሸበተ ቆይቷል።) «አላውቅም» ያለውን ግን እመኚው። ከቤታችሁ ሰው ሁሉ ለእውነቱ የቀረበው የእሱ መልስ ነው።

ይህን የምለው የአእምሮ ሐኪም ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ከ1999 እስከ 2003 ዓ.ም. እኔው ራሴ ወንድምሽ የሄደበትን መንገድ ተመላልሼበታለሁ። ያን ጊዜ ገና ጠቅላላ ሐኪም ነበርኩ። ጫቱን የለመድኩት ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ለፈተና ያነቃል ተብሎ፣ እንደ ብዙው ሰው። ትራማዶሉ የመጣው ወገቤን አሞኝ ነው። ሕመሙ በ10 ቀን ለቀቀኝ፤ እንክብሉ ግን አራት ዓመት ያዘኝ። መድኃኒቱን ለሌሎች የማዝዝ፣ ጉዳቱን በቃሌ የምዘረዝር ሰው ነበርኩ። ጠዋት በሽተኛ አስጠንቅቄ ከሰዓት ራሴ እውጠው ነበር።

የምንቀመጥበት ቤት እዚያው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ፣ በአንድ ጠባብ ቅያስ መጨረሻ ላይ ነበር። ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ቅጠሉ በኮባ ተጠቅልሎ ይደርሳል፤ እጣን ይጨሳል፤ ለውዝና ውሃ ይቀርባል። ሲመሽ ገራባው ተጠርጎ ሌላው ሁሉ ለጨብሲ ወደ መጠጥ ቤት ሲበታተን፣ እኔ ኪሴ ውስጥ ወዳለው እንክብል እጄን እሰድ ነበር። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። በዓመቱ ለአንድ ወዳጄ ልጅ ጋብቻ ጊዮርጊስ ደርሼ በእግሬ ስመለስ በዚያ በኩል አለፍኩ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አዲስ ሣር፣ የመብራት ምሰሶ። ቅያሱ የለም፤ ቤቱ የለም፤ የሻጯ መስኮት የለም። ድንገት አፌ በምራቅ ሞላ። መዳፌ አላበው። ያኔ ለሰዓታት ቅጠል ይዞ የሚውለው የግራ ጉንጬ ሲወጠር ተሰማኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ20። ካቆምኩ 14 ዓመት አልፎኛል። ሙሉ ልብስ የለበስኩ ትልቅ ሰው፣ ለባለቤቴ ደውዬ «መጥተሽ ውሰጂኝ» አልኳት። መጣች። አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

እንዲህ ያለው ነገር የሚሆንበትን ምክንያት ለመረዳት ዶፓሚንን ማወቅ ያስፈልጋል። በአንጎላችን ግንድ የላይኛው ጫፍ አካባቢ ይህን ኬሚካል የሚሠሩ ጥቂት ነርቮች አሉ። በእውነትም ጥቂት ናቸው፤ በአንጎል ውስጥ ካሉት 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች መካከል አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞሉም። ቅርንጫፎቻቸው ግን ሩቅ ይደርሳሉ፤ ወደ ፍላጎት መቀስቀሻው ክፍል፣ ወደ ትዝታው፣ ከግንባራችን ጀርባ ወዳለው የማመዛዘኛ ክፍል። ዶፓሚንን «የደስታ ኬሚካል» ማለት ተለምዷል፤ በሬዲዮም ሲባል እሰማለሁ። እኔ ይህን ስም አልወደውም። ቤተሰብን የሚያሳስተው እሱ ነውና፤ «ደስታ ፈልጎ ነው እኮ የሚሄደው» ያሰኛል።

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንላለን። ቮልፍራም ሹልዝ የተባለው ተመራማሪ በስዊዘርላንድ በፍሪቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያደረገው ይህንኑ ተረት በነርቭ ደረጃ ማዳመጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የጦጣዎችን ዶፓሚን ሠሪ ነርቮች አንድ በአንድ እየተከታተለ፣ መብራት አብርቶ ጠብታ የፍራፍሬ ጭማቂ ይሰጣቸው ነበር። መጀመሪያ ላይ ነርቮቹ የሚንጫጩት ጭማቂው ምላስ ላይ ሲያርፍ ነው። ጦጣዋ ከለመደች በኋላ ግን ለጭማቂው ዝም ይላሉ፤ የሚንጫጩት መብራቱ ሲበራ ነው። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረስ? ጭማቂው ይመጣበት በነበረው በዚያችው ቅጽበት ጭጭ ይላሉ። ሹልዝ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጽሑፍ ነገሩ ጠራ፤ ዶፓሚን «ደስ አለኝ» አይልም። «ከጠበቅኩት በላይ ሆነ፤ ከዚህ በፊት ምን እንደነበረ ልብ በል፣ ያዘው» ነው የሚለው። እንደ የኔታ ነው፤ ያስጠናል።

ጭማቂ ከተለመደ በኋላ አያስገርምም፤ ስለዚህ ትምህርቱ ያበቃል። ዕፅ ግን በዚህ በር አይገባም። የጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር የሚዛመድ፣ በጉልበት ግን ከእሱ የሚያንስ ንጥረ ነገር ነው፤ ዶፓሚኑን ከነርቮቹ ጫፍ ገፍቶ ያስወጣዋል። ትራማዶል በሌላ በኩል ይመጣል። ዶፓሚን ሠሪዎቹን ነርቮች ልጓም ይዘው የሚያቆዩ ሌሎች ነርቮች አሉ፤ ትራማዶልና የሞርፊን ዘመዶች ሁሉ እነዚህን ልጓም ያዦች ያስተኟቸዋል። አንዱ በሩን ይገፋል፣ ሌላው ዘበኛውን ያስተኛል፤ የሚገቡት ግን አንድ ክፍል ነው። በአይጦች ላይ ሲለካ ምግብ ዶፓሚኑን ከወትሮው መጠን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ያደርሰዋል፤ አምፌታሚን እስከ አሥር እጥፍ። ዋናው ነገር ግን ብዛቱ ብቻ አይደለም። ዕፁ ተጠበቀም አልተጠበቀም ዶፓሚኑን ራሱ ስለሚያስወጣ፣ አንጎል በየቀኑ «ዛሬም ከጠበቅኩት በላይ ነው» እያለ ይማራል። የኔታ መቼም አይጠግብም። ቅያሱን ያስጠናል፣ እጣኑን ያስጠናል፣ የሻጯን ድምፅ ያስጠናል።

ሰዓቱንም ያስጠናል። ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲን ወደሚባል ደካማ ነገር ይለወጣል፤ በኮባ የሚጠቀለለውም ለዚህ ነው። ትኩስ መድረስ ስላለበት ጫት ሰዓት አለው፤ ሰዓት ያለው ነገር ደግሞ በአንጎል ውስጥ እንደ ደወል ይሰቀላል። ዛሬም ድረስ ቅዳሜ ከሰዓት ቀጠሮ ስለማልይዝ ልጆቼ ያላግጡብኛል። «የአባባ ሰዓት ደረሰ» ይላሉ። ያላግጡ፤ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ታዲያ ወንድምሽ ፒያሳ ሲደርስ ምን ሆነ? እንዲህ ብዬ ላስረዳሽ። ፊደል የቆጠረ ሰው የሱቅ ሰሌዳ አይቶ «አላነብም» ማለት አይችልም። ዓይኑ ካረፈ ተነበበ፤ ፈቃዱን የጠየቀው የለም። የወንድምሽ አንጎል ፒያሳን አነበበው። ከዚህ የሚያስገርመው ፍጥነቱ ነው። በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው አና ሮዝ ቻይልድረስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ የኮኬይን ሱስ ላለባቸው ሰዎች ከኮኬይን ጋር የተያያዙ ሥዕሎችን ለ33 ሚሊሴኮንድ ብቻ ብልጭ አደረጉላቸው። ይህ አንድ ሰከንድ ሠላሳ ቦታ ተከፍሎ የአንዱ ያህል ነው። ሰዎቹ ምን እንዳዩ አላወቁም። የአንጎላቸው የፍላጎት ክፍል ግን ተነሣ። እንግዲህ «ምን ነካህ?» ሲባል «አላውቅም» ያለ ልጅ እየሸሸ አይደለም። መልሱ እሱ ጋ ከመድረሱ በፊት እግሩ ታጥፏል።

አባትሽ «ጣዕሙን ስለሚወደው ነው» የሚል ከሆነ ይህን ንገሪው። ኬንት ቤሪጅና ቴሪ ሮቢንሰን የተባሉ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት ሐሳብ መውደድና መሻት በአንጎል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሱስ የሚያሳብጠው መሻቱን ነው፤ መውደዱ ባለበት ይቀራል፣ ወይም ይመነምናል። እኛ ለዚህ ቃሉ አለን፤ ሐራራ። ሐራራ ያለበት ሰው ስለ ጣዕሙ አያወራም። እኔ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ትራማዶሉን አንድ ቀን እንኳ አልወደድኩትም። መድኃኒት ቤት ሰልፍ ላይ ቆሜ እንባዬ ሲወርድ፣ ከኋላዬ የቆሙ አንዲት እናት ሐዘን ላይ ያለሁ መስሏቸው «አይዞህ ልጄ» ብለውኛል። እያለቀስኩ ገዛሁ። ምርቃናውም ቢሆን ከጊዜ በኋላ ጨዋታና ሐሳብ አልነበረውም፤ ግድግዳ ላይ ማፍጠጥ ነበር።

ሌላም ለውጥ አለ፤ ይኸኛው ቤተሰብን የሚያቆስለው ነው። ጎረቤትሽ ሌት ተቀን የሚጮኽ ድምፅ ማጉያ ቢተክል ምን ታደርጊያለሽ? ጥጥ ጆሮሽ ውስጥ ትጠቀጥቂያለሽ። አንጎልም እንዲሁ ያደርጋል። የዶፓሚን ጎርፍ ሲበዛበት የሚቀበሉትን ተቀባዮች ይቀንሳል። ኖራ ቮልካው የተባለችው ተመራማሪና ባልደረቦቿ በአንጎል ምስል ደጋግመው ያሳዩት ይህንን ነው፤ የኮኬይን፣ የአልኮልና የሜታምፌታሚን ሱስ ባለባቸው ሰዎች ዲ 2 የሚባሉት የዶፓሚን ተቀባዮች አንሰው ይገኛሉ። ታዲያ ድምፅ ማጉያው ሲጠፋ ጥጡ አለ። ያን ጊዜ የእናትሽን ድምፅ አትሰሚም። እኔ የእናቴ ቡና ውሃ ውሃ ይለኝ ነበር፤ የልጄን መወለድ ሲነግሩኝ የአየር ጠባይ ዜና የሰማሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ወንድምሽ በዚያ ዘመን የእናታችሁን እንባ አይቶ ፊቱ ካልተለወጠ ንቀት አልነበረም። ጥጥ ነበር።

ጫት ያቆመ ሰው ሌሊት የሚያስጨንቀውን ዱካክ አያቶቻችን እንደ መንፈስ ያዩት ነበር፤ ደረት ላይ የሚቀመጥ፣ የሚያንቅ። ስሙን ስለሚያውቁት ብቻ አከብራቸዋለሁ፤ የሕክምና መጽሐፍ ለዚያ ሌሊት ይህን ያህል የሚገልጽ ቃል የለውም። አንጎል ለሚያነቃው ነገር ማመጣጠኛ የሚሆን ኃይል በተቃራኒው ያቆማል፤ የሚያነቃው ሲቀር ማመጣጠኛው ብቻውን ይቀራል። ያነቃ የነበረው ድብርት፣ ያረጋጋ የነበረው ጭንቀት ይሆናል። ትራማዶል ሲቀር ያዛጋል፣ ንፍጥ ያንጠባጥባል፣ ያልባል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ እግር እንቅልፍ ያጣል። ሰዎች ሱስ ማለት ይህ ብቻ ይመስላቸዋል። ይህ ግን በቀናት፣ ቢበዛ በሳምንታት የሚያልፍ ነው። ስምንት ወር የቆየን ሰው የጣለው ይህ ሊሆን አይችልም።

ስለ መሐላው ልመለስ። ወንድምሽ በእናታችሁ ፊት ሲምል የማለው ከግንባሩ ጀርባ ባለው ክፍል ነው፤ ነገን የሚያስበው፣ ቃል የሚገባው፣ የሚያፍረው። ይህ ክፍል ከሌሎቹ ሁሉ ዘግይቶ የሚበስል ነው፤ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ገና በመሠራት ላይ ነው። ዕፁ የገባው እየተሠራ ባለ ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። በተረጋጋ ሰዓት፣ በጠገበና በተኛ ሰው ላይ፣ ይህ ክፍል ይገዛል። በራበው፣ በደከመውና ባዘነ ሰው ላይ ግን ሥልጣኑን ለልማድ ያስረክባል። ስለዚህ ማለ፤ ከልቡ ማለ። የማለበት ቦታ ግን ሳሎናችሁ ነው፤ የተፈተነው ፒያሳ ላይ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ አፍሬ ነው። ጓደኞቼ መከሩኝና እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ፀበል ገባሁ። ሦስት ሱባኤ፣ 21 ቀን። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች አልነግርሽም። በኋላ ግን ተረጋጋሁ፤ ባሕር ዛፉ፣ ብርዱ፣ የማለዳው ጸሎት፣ አብረውኝ የነበሩት ሰዎች። ሐራራው እንኳን ሊያሸንፈኝ ሊታየኝም አልቻለም። ተፈወስኩ ብዬ እያመሰገንኩ ወረድኩ። ታክሲው ስድስት ኪሎን፣ አራት ኪሎን አልፎ ፒያሳ ሲያወርደኝ ግን ገና ሒሳብ ሳልከፍል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያንኑ ቀን ቃምኩ፤ ማታውን ዋጥኩ። ለብዙ ጊዜ ይህን እንደ እምነቴ ጉድለት ቆጥሬው ኖሬያለሁ።

ነገሩ የገባኝ የአሜሪካ ወታደሮችን ታሪክ ሳነብ ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ሄሮይን እዚያ ርካሽና ቅርብ ነበር፤ ከተራ ወታደሮች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ሱሰኛ ሆኜ ነበር ብሏል። ሊ ሮቢንስ የተባለችው ተመራማሪ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ተከታተለቻቸው። እዚያ ሱሰኛ ከነበሩት ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና ሱስ ውስጥ የገቡት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ። ብዙ ሰው ማመን አቅቶት ነበር። እነዚያ ሰዎች ሱሱን የተማሩት ቬትናም ነው፤ ወደ ሌላ ቤት ሄዱ፣ ደወሉ እዚያ ቀረ። የኛ ነገር ተቃራኒው ነው። ወደ እንጦጦ ወጥተን እንድናለን፣ ከዚያ ወደ ቬትናማችን እንመለሳለን። ፀበሉ አልከዳኝም፤ መውረዱን አላዘጋጀሁትም እንጂ። ለታካሚዎቼም የምለው ይህንኑ ነው፤ ፀበል የሚሄድ ሰው ይሂድ፣ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ግን አያቋርጥ፣ የሚመለስበትንም ቀንና መንገድ ከመውጣቱ በፊት ያስብበት።

ከሁሉ በፊት ልነግርሽ የሚገባኝን ዘግይቼ እነግርሻለሁ፤ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቢው። ወንድምሽ አሁን ያለበት ትልቁ አደጋ ሱሱ መመለሱ አይደለም። የድሮውን መጠን መውሰዱ ነው። ስምንት ወር ባቆመ ሰውነት ውስጥ የመቋቋም ኃይሉ ወርዷል፤ ያኔ «ምንም አይለኝም» ይለው የነበረው መጠን ዛሬ ትንፋሹን ሊያቆመው ይችላል። ትራማዶል ከብዙዎቹ ዘመዶቹ በተለየ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥም ያመጣል፤ አልኮል ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ሲታከልበት ይብሳል። የኛን ሕዝብ በተለይ የሚመለከት ነገርም አለ። ትራማዶል ጉልበቱን የሚያገኘው ጉበት ወደ ሌላ፣ ወደ በረታ ንጥረ ነገር ሲለውጠው ነው። የዚህን ሥራ ጂን ትርፍ ቅጂ የያዙ ሰዎች በፍጥነትና በብዛት ይለውጡታል። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት፣ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ እንዲህ ያለ ትርፍ ቅጂ አላቸው። ይህ በአብዛኛው ዓለም ከሚታየው እጅግ የበዛ ነው። ጓደኛው የዋጠውን ያህል ቢውጥ እንኳ የእሱ ደም ውስጥ የሚደርሰው ያው ላይሆን ይችላል።

ቦታ እዚህም ይገባል፤ ይገርማል። ሼፐርድ ሲግልና ባልደረቦቹ በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጡት ሙከራ፣ ሄሮይን ያለማመዷቸውን አይጦች በአንድ ቀን ከባድ መጠን ሰጧቸው። ሁልጊዜ በሚወስዱበት ክፍል ከወሰዱት 32 በመቶ ሞቱ፤ በሌላ ክፍል ከወሰዱት 64 በመቶ። መጠኑ አንድ ነው። አካል የለመደውን ክፍል ሲያይ አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ በእንግዳ ቦታ ሳይዘጋጅ ይደርስበታል። የቆየ ሱሰኛ በማያውቀው ቦታ፣ ብቻውን፣ ከረጅም እረፍት በኋላ መውሰዱ በጣም የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው። ሲያንኮራፋ ድምፁ ከተለወጠ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ቢቀሰቅሱት ካልነቃ፣ «ይተኛበት» አትበሉ። በጎኑ አስተኙት፣ 907 ደውሉ ወይም ወደ ቅርቡ ድንገተኛ ክፍል አድርሱት፤ ምን እንደወሰደም ሳታፍሩ ተናገሩ። ስንቱን ልጅ ሐፍረት ገድሎብናል።

ይድናል ወይ ላልሽው፤ አዎ፣ ግን እንደ ተሰበረ አጥንት አይደለም። ፊደል አይረሳም። የሚሆነው በአሮጌው ትምህርት ላይ አዲስ ትምህርት መደረቡ ነው፤ «ፒያሳ ማለት ያ ነበር፤ አሁን ደግሞ ይህም ነው» ማለት። አዲሱ ገና ሲሆን ስስ ነው፤ ሰው ሲደክመው አሮጌው ከሥር ይታያል። ጥጡ ግን ይወጣል። ሜታምፌታሚን ያቆሙ ሰዎችን አንጎል የተከታተሉ ምስሎች ከአንድ ዓመት በላይ ሲቆዩ የዶፓሚኑ ሥርዓት በከፊል ማገገሙን አሳይተዋል። በእኔ መጀመሪያ የተመለሰው እንቅልፍ ነው። ከዚያ የምግብ ጣዕም። የእናቴ ቡና ቡና የሆነው በአምስተኛው ወር ነው፤ ቀኑን አስታውሳለሁ፣ ሁለተኛውን ሲኒ ጠይቄ ደነገጠች። አንድ መጽሐፍ ይዤ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ግን ከዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። ወንድምሽ ስምንት ወር የሠራው ሥራ በአንድ ቀን አልፈረሰም። ተደርቦ ያለው አለ።

«ሱስ በሽታ ነው» የሚለውን አባባል አንዳንድ ባልደረቦቼ ሁሉንም ነገር መዝጊያ ያደርጉታል። እኔ እንደዚያ አልልም። በሽታ ነው፤ ግን ባለቤቱ የሚሳተፍበት በሽታ ነው። ለሐራራው መነሣት ወንድምሽ ተጠያቂ አይደለም፤ ሐራራው እንደሚነሣ እያወቀ ወደ ፒያሳ ብቻውን ለመሄዱ ከአሁን በኋላ ተጠያቂ ነው። በፊት አያውቅም ነበር፤ የነገረው የለም።

እግረ መንገዴን አንድ ቅሬታ ልጨምር። በየትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ሱስን ለመከላከል ተብሎ የሚለጠፈው ሥዕል ብዙ ጊዜ ቅጠል፣ መርፌ፣ ጭስና እንክብል ነው። ላላወቀው ልጅ ምንም አይነግረውም፤ ለሚያውቀው ግን የሹልዝ መብራት ነው። ተማሪ ሳለሁ የለመድኩትን ለመተው በምታገልበት ዘመን አንድ እንዲህ ያለ ሥዕል እንዳላይ ብዬ መንገድ እቀይር ነበር።

አሁን የምታደርጊው። አታስምሉት። መሐላ ሲፈርስ ሐፍረት ይተካዋል፤ ሐፍረት ደግሞ ከሐራራው ቀስቃሾች ሁሉ የከፋው ነው። በቤት ውስጥ ቆልፋችሁ አታስቀምጡት፤ ቤት ውስጥ የተቆለፈ ሰው የሚማረው ቤት ውስጥ መኖርን ብቻ ነው። ይልቅ ተቀምጣችሁ ካርታ ሥሩ። በየትኛው መንገድ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ ኪሱ ውስጥ ስንት ብር ሲኖር? ደመወዝ የሚወጣበት ቀንስ? በስልኩ ውስጥ የሻጩ ቁጥር አሁንም አለ? የመጨረሻውን እኔ በሌላ ስም መዝግቤ አስቀምጬው ነበር፤ «ቧንቧ ሠራተኛ» ብዬ። ፍላጎቱ ሲነሣ እንደ ማዕበል ነው፤ ይወጣል፣ ካልተነካ ይወርዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ። ያን ግማሽ ሰዓት የሚያሻግረው ሰው ያስፈልገዋል። ሲደውልልሽ «ደግሞ ምን አደረግህ?» ካልሽው ሁለተኛ አይደውልም።

ወደ ሐኪምም ውሰጂው። አማኑኤል፣ ጳውሎስና ዘውዲቱ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ተመልሶ በየቀኑ መውሰድ ከጀመረ ትራማዶሉን በአንድ ጀንበር ራሱ እንዳያቋርጥ፤ በሐኪም እጅ ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል። ጨብሲ እያለ በየቀኑ መጠጥም ይወስድ ከነበረ ይህንን አትደብቂ፤ አልኮልን ድንገት ማቋረጥ ከጫቱም ከትራማዶሉም የባሰ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ውስጥ መንቀጥቀጥና መቃዠት አምጥቶ ሰው ሊገድል ይችላል። ድብርትና ጭንቀት ካለበትም አብሮ ይታይለት፤ ብዙዎቻችን ከሱሱ በፊት የነበረ ቁስል አለን።

የማስረጃው ጉዳይ ካላለቀለት ደግሞ አብረሽው ሂጂ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ድረሱ፣ ቁርስ በልቶ ይሂድ፣ ብሩን አንቺ ያዢው። ከምሳ ሰዓት በፊት ጨርሳችሁ ውጡ። ስትመለሱ ወሬ ካለው ያውራ፤ ከሌለው ዝም ብለሽ አጠገቡ ተቀመጪ።